ሬድዉድ በወሎ፦ የትኛው ችግኝ ለየትኛው መሬት?

በዓለም ረጅሙም ግዙፉም ዛፍ የሚገኘው ካሊፎርኒያ ነው። ረጅሙ ሃይፐርዮን የሚባል የጠረፍ ሬድዉድ ነው፤ ቁመቱ 116 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ግዙፉ ጄኔራል ሸርማን የሚባል ግዙፍ ሴኮያ ነው፤ ቁመቱ 84 ሜትር ያህል፣ የግንዱ ይዘት ደግሞ 1,487 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። እነዚህን ዛፎች አንዴ በፎቶ ያየ ሰው ልቡ ይሸፍታል። ዘሩ በኢንተርኔት ይሸጣል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ለእረፍት ሲመጣ በትንሽ ፖስታ ይዞት ይገባል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። ደሴ ላይ ይበቅላል ወይ? ኩታበርስ? ወገል ጤና? ሐይቅ ዳር?

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ትንሽ መታረም አለበት። ሬድዉድ የሚባሉት ሦስት የተለያዩ ዛፎች ናቸው። ግዙፍ ሴኮያ፣ የጠረፍ ሬድዉድ እና የቻይናው ሜታሴኮያ። ዘመዳሞች ይሁኑ እንጂ ፍላጎታቸው አይገጥምም። አንዱ የሚወደው መሬት ሌላውን ይገድላል። ስለዚህ "ሬድዉድ ይበቅላል ወይ?" ከማለት "እኔ መሬት ላይ የትኛው ይሻላል? ወይስ ሐበሻ ጥዴን ልትከል?" ማለት ይሻላል።

እኔ ስመርጥ የምጀምረው ከአንድ ነገር ነው። ክረምቱ ከወጣ በኋላ እስከ በልግ ድረስ መሬቱ ውስጥ ስንት ውሃ ይቀራል? የዛፉ ቁመትም፣ ዝናውም፣ እድሜውም ከዚህ በኋላ የሚታዩ ናቸው።

መጀመሪያ ቅጠሉን ዳስሱ

ችግኝ ሻጭ "ሬድዉድ ነው" ብሎ ቢሰጣችሁ አትክፈሉ፤ መጀመሪያ ቅጠሉን በእጃችሁ እዩት።

የግዙፍ ሴኮያ ቅጠል አጭርና ሹል ነው። ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ ሲሆን ቅርንጫፉን ዙሪያውን ከቦት ይወጣል። ከጫፍ ወደ ግንዱ ስትዳብሱት ይወጋል። ገና ለጋ የሆነ የሐበሻ ጥድ ነክቶ የሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ሁለቱ በዕፅዋት ምደባ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው።

የጠረፍ ሬድዉድ ቅጠል ጠፍጣፋ ነው፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በቅርንጫፉ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ይሰለፋል። ገልብጣችሁ ብታዩት ከሥሩ በኩል ሁለት ነጫጭ መስመሮች አሉት።

ሜታሴኮያ ለስላሳ ነው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። ይህ ዛፍ ቅጠሉን ያረግፋል። ስለዚህ በብርዱ ወራት እርቃኑን ቢቀር "ሞተ" ብላችሁ እንዳትነቅሉት። ቅርፊቱን በጥፍራችሁ ጫር አድርጉ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ።

የዝናቡ ወቅት ተገላቢጦሽ ነው

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚያነጻጽረው የሙቀቱን ልክ ነው። ደሴ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ የካሊፎርኒያ ተራሮችም ቀዝቃዛ ናቸው፣ እንግዲህ ይስማማል ይባላል። ሙቀቱ ከባዱ ችግር አይደለም። ችግሩ ዝናቡ የሚመጣበት ወር ነው።

ግዙፍ ሴኮያ በተፈጥሮ የሚበቅለው በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ ብቻ ነው። ከፍታው በአብዛኛው ከ1,400 እስከ 2,150 ሜትር ነው። እዚያ ዝናቡና በረዶው የሚወርደው በብርዱ ወቅት ነው። ፀሐይ በምትበረታበት ወቅት ሰማዩ ይደርቃል። ዛፉን የሚያኖረው የተከመረው በረዶ ቀስ ብሎ እየቀለጠ ጥልቁን አፈር ስለሚያርሰው ነው።

ወሎ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከባዱ ዝናብ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መጀመሪያ ይወርዳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ደረቅ ነው፤ በዚያ ላይ ደጋው ሌሊቱን ውርጭ ይመታዋል። ከየካቲት በኋላ በልግ ይመጣል፤ ወይም ይቀራል። በልጉ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

በዚህ ውስጥ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። የወሎ ደረቅ ወቅት ቀዝቃዛ ነው። ቀኑ ፀሐይና ነፋስ ቢኖረውም ካሊፎርኒያ ላይ እንዳለው የሚያቃጥል አይደለም። ስለዚህ ክረምቱ የሞላውን ውሃ የሚይዝ ጥልቅ አፈር ካለ ዛፉ ሊሻገር ይችላል። ከሌለ ግን ምንም ቢሉት አይሆንም። የወሎ ተራራ ደግሞ ብዙው አፈሩ ታጥቦ ድንጋዩ ወጥቷል። በመስከረም ለምለም የነበረ ተዳፋት በታኅሣሥ አመድ ይሆናል።

ስለዚህ ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። በጥር ወር፣ ዝናብ ከጠፋ ቆይቶ ሳለ፣ ልትተክሉ ያሰባችሁበት ቦታ ላይ አንድ ሜትር ያህል ቆፍሩ። ከጉድጓዱ ሥር አንድ እፍኝ አፈር አውጥታችሁ ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ ተጣብቆ ከቆየ፣ መዳፋችሁም ላይ ቅዝቃዜ ከተሰማችሁ፣ መሬቱ ውሃ አለው። በጣቶቻችሁ መካከል እንደ ዱቄት ከፈሰሰ ሬድዉዱን እርሱት። አንድ ሜትር ሳትደርሱ ዶማው ዓለት ከመታም እንደዚያው። ይህ ፍተሻ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ የዓመታት ድካም ያድናል።

ግዙፍ ሴኮያ፦ ለደጋው፣ ጥልቅና ውሃ ለማያቁር አፈር

ይህ ዛፍ ብርድን በደንብ ይችላል። በአገሩ ሜትሮች የሚከመር በረዶ ለምዷል። ስለዚህ የደሴ ዙሪያ፣ የኩታበር፣ የደላንታ፣ የመቄት ውርጭ ሥር ከያዘ በኋላ አያሰጋውም። ከፍታን በተመለከተ ከ2,300 እስከ 3,000 ሜትር ያለውን ደጋ እመርጥለታለሁ። ከዚያ በታች በሞቃትና እርጥብ ቆላማ ቦታ የተተከሉ ግዙፍ ሴኮያዎች በፈንገስ ይጠቃሉ፤ ቅርንጫፋቸው ከጫፉ ጀምሮ እየደረቀ ይሄዳል። ስለዚህ ኮምቦልቻና ሐርቡ ለዚህ ዛፍ አይሆኑም።

ጠላቱ ውሃ የሚያቁር መሬት ነው። ጃማን፣ ወረ ኢሉን፣ ከላላን የሚያውቅ ሰው ያንን ጥቁር ዋልካ ያውቀዋል። ክረምት ሲሆን ጭቃው እግር ይይዛል፤ በጋ ሲሆን ተሰነጣጥቆ ክንድ ያስገባል። እዚያ ላይ ግዙፍ ሴኮያ አትትከሉ። ክረምት ሥሩ ይበሰብሳል፣ በጋ የተሰነጠቀው መሬት የቀረውን ሥር ይበጥሰዋል።

እንጨቱን አስቦ ለሚተክል ሰው አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የትልቁ ግዙፍ ሴኮያ እንጨት ይሰባበራል። ባለፈው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲቆረጡ ብዙዎቹ መሬት ሲነኩ ተሰባብረዋል። ከዚያ ሁሉ ግዙፍነት የተገኘው የአጥር እንጨትና የጣሪያ ክዳን ነበር። ስለዚህ ለገበያ ብላችሁ አትትከሉት። ይህ ዛፍ የሚተከለው ለግርማው፣ ለጥላው፣ ለልጅ ልጅ ነው።

የጠረፍ ሬድዉድ፦ ጉም ላለበት

ይህ ዛፍ የሚኖረው ከካሊፎርኒያ እስከ ደቡብ ኦሬገን በሚዘረጋ ጠባብ የባሕር ጠረፍ ላይ ነው። ዝናብ በሌለባቸው ወራት የሚያቆየው ከፓስፊክ የሚነሳው ጉም ነው። ጉሙ ቅጠሉ ላይ ይጠራቀማል፣ ጠብ ጠብ እያለ ሥሩን ያጠጣዋል፤ ከፊሉንም ቅጠሉ ራሱ ይጠጣዋል።

"ታዲያ ወሎ ባሕር የት አለ?" ትሉ ይሆናል። ባሕር ባይኖርም ከአፋር በኩል ወደ ላይ የሚወጣው ገደላማ ተዳፋት ጉም ያውቃል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጡ፣ የየጎፍን ተራራ ወይም ጦሳን ጉም ሲሸፍነው ያየ ሰው ይገባዋል። ነገሩን ከምኞት በላይ የሚያደርገው ደግሞ ሃዋይ ነው። ማዊ ደሴት ላይ፣ ፖሊፖሊ በሚባል ቦታ፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተተከሉ የጠረፍ ሬድዉዶች ዛሬ ትልቅ ደን ሆነዋል። ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ ነው። ቦታው በሐሩር ክልል ውስጥ ነው፣ ተራራማ ነው፣ ጉም አለው። ኒውዚላንድ ውስጥ ሮቶሩዋ ላይ በ1901 እ.ኤ.አ. የተተከሉትም ዛሬ ቱሪስት ይጎርፍላቸዋል። ካሊፎርኒያ ካልሆነ አይበቅልም የሚለው ትክክል አይደለም።

ስለዚህ በ1,900 እና በ2,500 ሜትር መካከል፣ ወደ ምሥራቅ የዞረ፣ ጉም የሚያዘወትረው፣ ከነፋስ የተጠለለ ሸለቆ ካላችሁ ከሦስቱ የምመርጠው የጠረፍ ሬድዉድን ነው። ግን ለጋው ውርጭ አይችልም። ጉጉፍቱ ላይ፣ ወይም ውርጭ በሚተኛበት ረባዳ ሜዳ ላይ ከተከላችሁት ጫፉ በየዓመቱ ይቃጠላል። ቁመት አያገኝም፤ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል።

ከሌሎቹ የሚለየው ሌላ ጸባይ አለው። ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ባሕር ዛፍ ይህን ሲያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከጥድ ወገን ግን ብርቅ ነው። ፍየል ብትበላው፣ ሰው ቢቆርጠው እንኳ ሥሩ ከዳነ ዛፉ ይመለሳል። ወሎ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እንጨቱም ከግዙፍ ሴኮያው ይሻላል፤ አይበሰብስም፣ ለሥራ ምቹ ነው።

ሜታሴኮያ፦ ለወንዝ ዳርና ለእርጥብ ቦታ

ይህ ዛፍ የራሱ ታሪክ አለው። በ1941 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ሺገሩ ሚኪ ስም ያወጣለት ከቅሪተ አካል ነው። ዛፉ ከምድር ከጠፋ ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል ተብሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቻይና ውስጥ በሕይወት ተገኘ። በ1948 እ.ኤ.አ. ዘሩ ወደ ብዙ አገር ተላከ።

ለእኛ ዋናው ነገር ታሪኩ አይደለም፤ የዝናቡ ወቅት ነው። በአገሩ ዝናቡ የሚወርደው እንደ እኛው በክረምት ወራት ነው። ቀዝቃዛው ወቅት ደረቅ ነው፤ እሱም ያኔ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። በወቅት ረገድ ከሦስቱ ለወሎ የቀረበው እሱ ነው። ሐይቅ አካባቢ፣ የምንጭ ዳር፣ የመስኖ ቦይ አጠገብ፣ ሣሩ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ በሚሆንበት ቦታ እሱን ትከሉ። እርጥብ መሬት ከሌሎቹ የበለጠ ይችላል። ደረቅ ተዳፋት ላይ ግን ከሦስቱ ቀድሞ የሚሞት እሱ ነው። እንደ ሁለቱ አይገዝፍም፤ 50 ሜትር ገደማ ከደረሰ ትልቅ ነው። ለአብዛኛው ግቢ ይህም ይበዛል።

የአገሩን ዛፍ አስቀድሞ ማየት

አሁን ከልቤ የማምንበትን ልናገር። መሬታችሁ አንድ ጥማድ ቢሆንና አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ልትተክሉ ብትሉ፣ ሬድዉድ አትምረጡ። የሐበሻ ጥድ ትከሉ።

የሐበሻ ጥድ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ከፍታ ሁሉ ይኖራል። በጋውን ያውቀዋል። የበልግ መቅረትን ያውቀዋል። ቁመቱ ጥሩ ቦታ ካገኘ 40 ሜትር ይደርሳል። እንጨቱን ምስጥ አይደፍረውም፤ ስለዚህ ምሰሶና በር ከእሱ ይሠራል። ፍሬውን ወፍ ይበላል፣ ዘሩን ራሱ ወፉ ይዘራዋል። ሐይቅ እስጢፋኖስን፣ ላሊበላ ዙሪያ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት፣ የሼኾቹን መቃብር የሚጠብቁ ዛፎች ያየ ሰው ይህ መሬት ምን ማብቀል እንደሚችል አይቷል። የሐበሻ ጥድ የሚነቀፈው በአዝጋሚነቱ ነው። እውነት ነው፣ ይዘገያል። ግን ሬድዉድም ሥር እስኪይዝ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ይዘገያል፤ የሚሮጠው ውሃ ካገኘ በኋላ ነው።

ከ2,500 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ኮሶን አስቡ። ብርዱን ይችላል፣ ከጥዱ ይፈጥናል፣ አበባው ለንብ ነው። የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ወይም የቦረና ሳይንትን ደን የወጣ ሰው ኮሶ፣ ከዚያ አስታ፣ ከዚያ ጅብራ እየተከታተሉ እስከ ውርጩ ሲሄዱ አይቷል። አስታና ጅብራ ባለበት ከፍታ ላይ ማንም ሬድዉድ አያስፈልገውም። ወይና ደጋው ላይ እርጥበት ካላችሁ ዝግባ ትከሉ። ግዙፍ ዛፍ ለሚያምረው ሰው ዝግባ ብቻውን ይበቃል፤ ከ40 ሜትር ያልፋል። ድንጋያማ ተዳፋት ከሆነ ወይራ።

ገንዘብ ለሚፈልግ ሰው መልሱ ያው ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ ተወዳዳሪ አላገኘም። በአራት አምስት ዓመት ማገር ይሆናል። ሬድዉድ በዚያ ጊዜ ከሰው ቁመት ብዙም ላያልፍ ይችላል። በባሕር ዛፍ ላይ ያለኝ ቅሬታ ሌላ ነው፤ ምንጭ አጠገብ መተከሉ።

ሬድዉድ ታዲያ ለምን? ሁለት በቂ ምክንያት ይታየኛል። አንደኛው ፍቅር ነው። ሰው የሚወደውን ዛፍ ተንከባክቦ ያሳድጋል፤ ያልወደደውን ይረሳል። ሁለተኛው ዛፎቹ በአገራቸው መጨነቃቸው ነው። በ2020 እና በ2021 እ.ኤ.አ. የተነሡት እሳቶች በዓለም ካሉት ትላልቅ ግዙፍ ሴኮያዎች ከ13 እስከ 19 በመቶ የሚሆኑትን እንደገደሉ ተገምቷል። በአንጻሩ በ1853 እ.ኤ.አ. ዘሩ የገባባት ብሪታንያ ዛሬ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሬድዉድ እንዳላት ይገመታል። ከአገሩ ውጭ የቆመ ዛፍ ሁሉ ለዘሩ መጠባበቂያ ነው። ብሪታንያ ዓመቱን ሙሉ ካፊያ እንዳላት ግን አትርሱ፤ እዚያ ቀላል የሆነው እዚህ ቀላል አይሆንም።

ስንት ይተከል? የት?

ቁጥሩን የሚወስነው ጀሪካን ነው። አንድ የሬድዉድ ችግኝ ከተተከለ በኋላ ባለው የመጀመሪያ በጋ በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያህል ውሃ ይፈልጋል። በአንድ ጊዜ፣ ቀስ ተብሎ፣ ጥልቅ እንዲገባ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል፤ ለሚቀጥለው ድርቅ ያጋልጠዋል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ወደ 20 ሳምንት ነው። ሁለት ችግኝ ከሆነ በሳምንት ሁለት ጀሪካን፤ ይቻላል። አምሳ ችግኝ ከሆነ በሳምንት አምሳ ጀሪካን። ውሃ የምትቀዳው ልጅ ወይም እናት ናት። ይህን አስልታችሁ ቁጥሩን ወስኑ። ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ወይም ሦስት ሬድዉድ በቂ ነው። የቀረውን ቦታ ጥድና ኮሶ ይሙላው። የሐምሌ የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ሲመጣም እንዲሁ፤ በብዛት ለሚተከል ተራራ የአገር ዛፍ፣ ውሃ በቅርብ ላለበት ግቢ ደግሞ ሬድዉዱ።

ቦታውን ስትመርጡ ከቤት ራቁ። የግዙፍ ሴኮያ ሥር ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች ብዙ አይሄድም፤ ሲያድግ ከግንዱ 30 ሜትር አልፎ ይዘረጋል። ረጅም ዛፍ መብረቅም ይስባል፤ የወሎ ደጋ ደግሞ መብረቁ የታወቀ ነው። ከጣራ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከእርከን ግንብ አርቁት።

ከሁሉ በላይ ባለቤት ይኑረው። በ1970ዎቹ በምግብ ለሥራ ብዙ የወሎ ተራራ በችግኝ ተሸፍኖ ነበር። በ1983 የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ከዚያ ብዙው ተቆረጠ። ዛፉ የእኔ ነው የሚል አልነበረምና። ሺህ ዓመት የሚኖር ዛፍ የጋራ ተራራ ላይ ተክሎ መሄድ ያሳዝነኛል። የራሳችሁ ግቢ፣ የትምህርት ቤት ቅጥር፣ አዲስ የሚሠራ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሻላል። ነባር የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ግን አታስገቡት። እዚያ ያለው ጥድና ወይራ የሌላ ቦታ ዘር ሁሉ ምንጭ ነው፤ ቦታው ለእነሱ ይቆይ።

ከዘር እስከ ሐምሌ

የሴኮያ ዘር እጅግ ትንሽ ነው፤ በአንድ ኪሎ ውስጥ ወደ 200,000 ይገባል። ከዚያም የሚበቅለው ጥቂቱ ነው። ሃያ ዘር ዘርታችሁ አምስት ቢበቅል አትደነቁ። የግዙፍ ሴኮያን ዘር በእርጥብ አሸዋ ጠቅልላችሁ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፤ የአገሩ ብርድ ወቅት ያለፈ ይመስለዋል። የጠረፍ ሬድዉድ ይህ አያስፈልገውም። ዘሩን አትቅበሩት። አፈሩ ላይ በትናችሁ ስስ አሸዋ ንፉበት።

ብዙ ችግኝ የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ነው። ግንዱ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ጠቁሮ ይቀጥናል፤ በማግስቱ ችግኙ ተዘንብሎ ታገኙታላችሁ። ፈንገስ ነው። መድኃኒቱ ውሃ መቀነስ፣ ጠዋት ብቻ ማጠጣት፣ የወንዝ አሸዋ በደንብ መቀላቀል፣ አየር እንዲገባው ማድረግ ነው። ከሐበሻ ጥድ ሥር የተወሰደ አንድ ሁለት እፍኝ አፈር መቀላቀል ደግሞ ይጠቅማል። የሬድዉድ ሥር የሚስማማው ፈንገስ ከጥዱ ሥር ጋር የሚኖረው ዓይነት ነው፤ ይህ ጥሩው ፈንገስ ነው።

በየካቲት የተዘራ ችግኝ ለዚያው ዓመት ሐምሌ አይደርስም። ለሚቀጥለው ሐምሌ አቆዩት፤ 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ይድረስ። ረዘም ባለ ፕላስቲክ ውስጥ አሳድጉት። በአጭር ፕላስቲክ ውስጥ ሥሩ ከታች ሲደርስ መዞር ይጀምራል፤ እየዞረ ይወፍራል። ያ ችግኝ ሲተከል ደህና ይመስላል፤ ከዓመታት በኋላ የራሱ ሥር ያንቀዋል። ስትገዙም ይህን እዩ። ፕላስቲኩን በጎን ቀዳችሁ የታችኛውን ክፍል ተመልከቱ። ሥሩ ተጠምጥሞ ከሆነ አትውሰዱት። ጥቂት ከሆነ የታችኛውን ሁለት ሳንቲ ሜትር በስለት ቆርጣችሁ ትከሉ። ፕላስቲኩን ደግሞ ሙሉ በሙሉ አውጡት። በዘመቻ የሚተከል ስንት ችግኝ ከነፕላስቲኩ ተቀብሮ ቀርቷል!

ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፣ ዝናቡ ሲጠና በሐምሌ መጀመሪያ ይተከል። ተዳፋት ከሆነ ከታች በኩል ግማሽ ጨረቃ የመሰለ እርከን ሥሩለት። መስከረም ላይ ዙሪያውን በገለባ ሸፍኑት፤ ገለባው ግንዱን እንዳይነካ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ማታ ለጋውን በጆንያ ሸፍኑት፤ ጠዋት ግለጡት። አጥሩ እስከ አራት አምስት ዓመት ይቆይ። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ከብቱና ፍየሉ ሲለቀቅ አጥር የሌለው ችግኝ አንድ ሳምንት አይቆይም።

ዘሩ በሕጋዊ መንገድ ይግባ

በሻንጣ ችግኝ ማምጣት ይቅር። ከአፈር ጋር የሚመጣ ተክል በሽታና ተባይ ይዞ ይመጣል። በ1986 እ.ኤ.አ. ማላዊ ላይ የታየው የጥድ ክሽክሽ የሚባል ተባይ ወደ ሰሜን ተስፋፍቶ የምሥራቅ አፍሪካን የፈረንጅ ጥድና የአገር ጥድ ጎድቷል። ሬድዉድ የጥድ ቤተሰብ ስለሆነ የሱ ተባይ የእኛንም ጥድ ሊደርስበት ይችላል። ለሦስት ዛፍ ብሎ የቤተ ክርስቲያኑን ደን ማጋለጥ ተገቢ አይደለም።

ዘር ይሻላል። ለዘርም ቢሆን የላኪው አገር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትና የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጉዳዩን የሚይዘው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ወልድያ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ቅርባችሁ ነው፤ ስለ አፈራችሁ ጠይቁ። ፈቃዱ ቢዘገይ ዘሩ አይበላሽም። ደርቆ፣ በታሸገ ዕቃ፣ ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል። በየካቲት መዝራት የፈለገ ሰው የግዙፍ ሴኮያውን ዘር በታኅሣሥ አጋማሽ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ማስገባት አለበት። ስለዚህ ወረቀቱን በመስከረም ይጀምር፤ የአፈሩን ጉድጓድ ደግሞ ባለፈው ጥር ቆፍሮ አይቶት ይሁን።